ቶርኖ ላይ ያለ ኢንቨርተር አልሰራ ሲል፦ ችግሩና መፍትሄው

ኢንቨርተር (ድራይቭም ይባላል) የማሽኑን ሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠረው ሳጥን ነው። ብሬከሩንና ሦስቱን ፌዝ አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ክዳኑን ከመክፈታችሁ በፊት ግን ኃይሉን ቆርጣችሁ ቢያንስ 10 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዛ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ላይ ዲሲውን ለኩ። ባለ 380 ቮልት ድራይቭ ካፓሲተሮቹ ላይ ወደ 540 ቮልት ይይዛል፣ ዲስፕሌው ስለጠፋ ባዶ ነው ብላችሁ እጃችሁን እንዳታስገቡ!

ዲስፕሌው ጭራሽ አይበራም፣ ወይ በርቶ ልክ ስታርት ሲባል "አንደር ቮልቴጅ" (ቮልቴጅ አነሰ) ብሎ ይቆማል

ደጋግሞ የሚመጣው ይሄ ነው፣ አብዛኛው ሰው ደግሞ ሳያይ "ቦርዱ ተቃጥሏል" ብሎ ይጥለዋል። ካፓሲተር ባዶ ሆኖ ኃይል ሲገባበት እንደ ሾርት ነው የሚስበው፣ ያንን የሚይዘው ቻርጅ ሬዚስተር የሚባለው ነው፣ ካፓሲተሩ ሲሞላ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሰራ ማብሪያ) ይገባና ከረንቱ ሬዚስተሩን ትቶ በሪሌዩ ያልፋል። ሬዚስተሩ የተሰራው ለዛች ቅጽበት ብቻ ስለሆነ መብራት ሄድ መጣ ሄድ መጣ ሲል ለመቀዝቀዝ ጊዜ አያገኝም፣ ይበጠሳል፣ ዲስፕሌውም ይጨልማል። ሪሌዩ ካልገባ ወይ ኮንታክቱ ካረረ ደግሞ የሞተሩ ከረንት በሙሉ በሬዚስተሩ ሲያልፍ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ የሚሸት ነገርም ይመጣል።

መጀመሪያ መልቲሜትሩን ዳዮድ ላይ አድርጋችሁ ከፖዘቲቭና ከኔጋቲቭ ወደ አር ኤስ ቲ (የመብራት መግቢያው)፣ ከዛ ወደ ዩ ቪ ደብልዩ (ወደ ሞተር መውጫው) ለኩ። በአንዱ አቅጣጫ ከ0.3 እስከ 0.6 አካባቢ ማንበብ አለበት፣ በሁለቱም አቅጣጫ ዜሮ ካለ ሞጁሉ (ዳዮዶቹና ትራንዚስተሮቹ ያሉበት) ሄዷል። እሱ ደህና ከሆነ ሬዚስተሩን በኦም ለኩት። ስትቀይሩ ኦሙ ያው፣ ዋቱ ከበፊቱ ያላነሰ ይሁን። ገበያ ላይ 10 ዋት ተጽፎበት መጠኑ የ5 የሚያህል ሬዚስተር ሞልቷል፣ እሱን አትግዙ። ሪሌዩንም አብራችሁ ቀይሩ፣ "ቀጭ" ማለቱ ኮንታክቱ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ሬዚስተሩን በሽቦ ጃምፐር አድርጎ "ሰራ" ብሎ የሚሄድ ሰው በጣም ያናድደኛል። እንደዚ የተደረገ አንድ የቶርኖ ድራይቭ መጣልኝ፣ ለጥቂት ቀን ሰርቷል፣ ከዛ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሬክቲፋየሩ (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረው) ፈንድቶ የቦርዱን መስመር ልጦት ሄዷል። በርካሽ ሬዚስተር የሚያልቅ ስራ አዲስ ድራይቭ አስገዛ። ሌላ ቤት ደግሞ ሬዚስተሩን ቀይሬ ብዙም ሳይቆይ ያው ችግር ተመለሰ፣ ሄጄ ቆሜ ሳይ ኦፕሬተሩ ስራ በቀየረ ቁጥር ማሽኑን በዋናው ብሬከር ነው የሚያጠፋው! ስታርትና ስቶፕ በተን ከድራይቩ ተርሚናል ጋር አሰርኩለት፣ ከድራይቩ በፊትም ኮንታክተር (ትልቅ ሪሌይ) እና ታይመር ገባ፣ መብራት ሲመጣ 1 ደቂቃ ቆይቶ ነው የሚያስገባው፣ ከዛ ወዲህ አልተበላሸም።

ከጥገና በኋላ ቀጥታ አታብሩ። ሁለት ባለ 100 ዋት ባለ ክር አምፖል (ኤልኢዲ አይሆንም) በተከታታይ አስራችሁ በአንዱ ፌዝ መስመር ላይ አስገቡ፣ ሁለት ፌዝ ብቻ ስጡት። ብልጭ ብለው ከደበዘዙ ጥሩ ነው፣ ደምቀው ከቀሩ ውስጥ ሾርት አለ። አምፖሎቹ እንዳሉ ሞተር አታስነሱ።

ሲያቆም "ኦቨር ቮልቴጅ"፦ ቸኩ (የሚቆረጠውን ብረት የሚይዘው) ከባድ ነው፣ የማቆሚያ ሰዓቱን አርዝሙት፣ ብሬክ ሬዚስተር ካለው እሱም እንዳልተበጠሰ ለኩ።

ሲነሳ "ኦቨር ከረንት"፦ የሞተሩን ኬብል ፍቱና አስነሱት። አሁንም ካለ ድራይቩ ነው፣ ከጠፋ ሞተሩ ወይ ኬብሉ። ሜገር (ኢንሱሌሽን በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚለካው) የምታደርጉ ከሆነ ኬብሉ ከድራይቩ መፈታቱን ሁለቴ እዩ፣ አለበለዚያ ደህናውን አይጂቢቲ (ለሞተሩ ኃይል የሚሰጠውን ትራንዚስተር) ራሳችሁ ትገድሉታላችሁ።

ሲሞቅ የሚቆም፦ ፋኑ ነው። የብረት ብናኝ ካለ በኮምፕሬሰር ወደ ውስጥ አትንፉ፣ በቫኪዩም ሳቡት።

ዩ ቪ ደብልዩ ላይ ዋናውን መስመር ያስገባ ካለ ሌላ ድራይቭ ይፈልግ።