ከኤክሴል ወደ ኤስፒኤስኤስ ሲገባ የሚጠፋ ዳታን እንዴት እናገኘዋለን?

የምሠራው አራት ኪሎ ነው፤ ጽሑፍ የሚተየብበትና ፎቶ ኮፒ የሚነሳበት ሱቅ ውስጥ። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሲቃረብ ከስድስት ኪሎ ብዙ ተማሪዎች ይመጣሉ። በቅርቡ አንዷ ፍላሿን ሰክታ «120 ባለሱቆች ጠይቄ ኤክሴሉን ኤስፒኤስኤስ (የጥናት ዳታ መተንተኛ ፕሮግራም) ውስጥ ሳስገባው የአምስቱ ገቢ የለም፤ ክፍለ ከተማ ያለው ደግሞ ሦስቱ ጋ ብቻ ነው» አለችኝ። የጎደሉትን ረድፎች ልትሰርዛቸው ነበር።

እባካችሁ አትሰርዙ። በአማካይም አትሙሉ። እያንዳንዱ ረድፍ ሥራውን አቁሞ የመለሰላችሁ ሰው ነው። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ኤክሴሉ ላይ አለ፤ የጠፋው መንገድ ላይ ነው።

1. ፋይሉን ኮፒ አድርጉና በኮፒው ላይ ቁጠሩ። ካውንት የሚባለው ፎርሙላ ቁጥር የሆነውን ብቻ ይቆጥራል። ካውንትኤ ባዶ ያልሆነውን ሁሉ ይቆጥራል። በገቢው ዓምድ ካውንት 115፣ ካውንትኤ 120 አለን። አምስቱ አሉ ማለት ነው፤ ግን ኤክሴል ቁጥር አድርጎ አላያቸውም።

በዓይንም ይለያሉ። ዓምዱን ሰፋ አድርጉት። አሰላለፉን ካልነካችሁት ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ወደ ግራ ይጠጋል። ሦስቱ «8500 ብር» ዓይነት ነበሩ። አንዱ ላይ በዜሮ ፈንታ የእንግሊዝኛው ኦ ገብቷል። አምስተኛው «አልናገርም» ይላል፤ እሱን ለጊዜው ተዉት። አዳዲሶቹ የኤስፒኤስኤስ ቨርዥኖች፣ ካልቀየራችሁት በቀር፣ ከዓምዱ 95 በመቶው ቁጥር ከሆነ ሁሉንም ቁጥር ይሉታል። ያልተስማማቸውን በነጥብ ይተኩታል፤ ባዶ ማለት ነው። «ብር»ን ከነክፍተቱ በፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ አጥፉት፤ ኦዋን በእጅ አስተካክሉ።

2. የተዋሃዱ ሴሎችን ፍቱ። ልጅቷ አራዳ፣ ልደታና ቂርቆስን አንድ አንዴ ጽፋ በ40፣ በ40 ረድፍ ላይ መርጅ አድርጋቸዋለች። ለዓይን ያምራል፤ ቃሉ የሚቀመጠው ግን የመጀመሪያው ሴል ላይ ብቻ ነው። አንመርጅ አድርጉ። ዓምዱን ይዛችሁ ኮንትሮልና ጂ፣ ከዚያ ስፔሻል፣ ከዚያ ብላንክስ። እኩል ይሆናል ምልክት ጻፉ፣ የላይ ቀስቱን አንዴ ተጫኑ፣ በኮንትሮልና ኢንተር ጨርሱ። በመጨረሻም ኮፒ አድርጋችሁ እዚያው በቫሊዩ ለጥፉት።

3. ቀኑን በደንብ እዩት። የኛ አገር ዳታ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2017ን 30/2/2017 ብለን እንጽፋለን። ኤክሴል በፈረንጅ አቆጣጠር ያነበዋል፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም። ስለዚህ ጽሑፍ ብሎ ይተወዋል፤ ዓምዱን ቀን ነው ብላችሁ ስታስገቡት ባዶ ይሆናል። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ አጻጻፍ ከተስተካከለ ወሩን ስለሚያስቀድም ከ1 እስከ 12 ያሉት ቀኖች ይገባሉ፣ ከ12 በላይ ያሉት ይጠፋሉ። ይህን ካያችሁ ምክንያቱ ተገኘ። የሚያሳስበኝ ግን የገባው ነው። ጳጉሜን 5፣ ማለትም 5/13/2017፣ ሜይ 13 ሆኖ ይቀመጣል። ባዶ ስላልሆነ ማንም አይጠረጥረውም።

መፍትሔው፦ ዓምዱን ወደ ኖትፓድ ኮፒ አድርጉ። አዲስ ዓምድ ፎርማቱን ቴክስት አድርጋችሁ እዚያ መልሱት። በቀኙ ሁለት ባዶ ዓምዶች ይኑሩ። ቴክስት ቱ ኮለምንስ ገብታችሁ በስላሽ ለያዩት። ቀን፣ ወርና ዓመት ለየብቻ ቁጥር ሆነው ይቀመጣሉ።

4. ፋይሉን በሲኤስቪ (ተራ ጽሑፍ በሆነ የሠንጠረዥ ፋይል) ሴቭ አድርጋችሁ የምትልኩ ከሆነ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጡ። አለዚያ የአማርኛው ፊደል የጥያቄ ምልክት ይሆናል።

5. አሁን ወደ «አልናገርም» ተመለሱ። እውነተኛው የጎደለ መልስ እሱ ብቻ ነው። 99 ብላችሁ አትሙሉት፤ 99 ብር ገቢ ሊመስል ይችላል። -99 ጻፉና ፋይሉን ስታስገቡ ኤስፒኤስኤስ ላይ ቫሪያብል ቪው ውስጥ፣ ሚሲንግ በሚለው ሥር አስመዝግቡት። ልጅቷ ይህን ከጻፈች በኋላ ኤክሴሉ ላይ ካውንትን እንደገና አየነው፤ 120።