ዲናሞውን ከመፍታታችሁ በፊት

አንዴ ዲናሞ (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላውን) ቀይሬ በማግስቱ ጠዋት መኪናዬ አልነሳም አለችኝ። አዲስ ዲናሞ ገጥሜ! ለካ ጥፋቱ የሽቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቴስተር (ቮልት መለኪያ) ሳልይዝ ኮፈን አልከፍትም።

መለካት የሚጀመረው ሞተሩ ጠፍቶ ነው። መኪናዋ ጥቂት ሰዓት ከቆመች በኋላ ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጉና የባትሪውን ሁለት ጫፍ ለኩ። 12.6 አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው። ወደ 12 ከወረደ ግን ባዶ ነው ማለት ይቻላል፤ መጀመሪያ በቻርጀር ሙሉት። የደከመ ባትሪ ደህናውን ዲናሞ ያሳማል።

አሁን ሞተሩን አስነሱና ትንሽ ነዳጅ እየሰጣችሁ እዚያው ባትሪው ላይ ለኩ። በአብዛኛው ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መገኘት አለበት። ሞተሩ ሲነሳ ቁጥሩ ከፍ ካላለ ባትሪው እየሞላ አይደለም። 15ን ካለፈ ደግሞ የዲናሞውን ቮልት የሚቆጣጠረውን ሬጉሌተር ጠርጥሩ፤ ባትሪውን አፍልቶ ነው የሚገድለው። አዳዲስ መኪኖች ላይ ግን ቮልቱን የሚያዘው ኮምፒውተሩ ስለሆነ ሆን ብሎ ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። የፊት መብራትና ፋን አብርታችሁ ድገሙት፤ ያኔ እውነቱ ይወጣል።

የእኔዋ በዚህ ሁኔታ ባትሪው ላይ 12.9 ብቻ ታሳይ ነበር። ዲናሞው ላይ፣ ማለትም ቀዩን የቴስተር ጫፍ ወፍራሙ ሽቦ የሚታሰርበት ብሎን ላይ፣ ጥቁሩን ገላው ላይ ስይዝ ግን 14.3! ታዲያ 1.4 ቮልት የት ገባ? መብራቱ እንደበራ አንዱን ጫፍ ዲናሞው ብሎን ላይ፣ ሌላውን ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ አደረግሁ፦ 0.1። ይሄ ደህና ነው፤ እስከ 0.2 ድረስ አያስጨንቅም። ቀጥዬ ከዲናሞው ገላ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ ለካሁ፦ 1.3። ሌባው ተያዘ።

ሞተሩን ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የሚያገናኘው የማሳ ሽቦ ከላይ ሲታይ ምንም አይልም። ሞተሩን አጥፍቼ ፈታሁትና ጎማውን በቢላ ስሰነጥቀው መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። ጠዋት ጠዋት ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ እያቃሰተ የሚዞረውም ለዚህ ነበር፤ እኔ በባትሪው ነበር የማሳብበው። ሽቦውን ቀየርኩ፣ የሚታሰርበትን ብረት እስኪያብለጨልጭ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት፤ ባትሪው ላይ 14.2 መጣ። አሮጌው ዲናሞ አሁንም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፣ ምንም ሳይሆን።

ዲናሞው ራሱ ላይም ቮልቱ ከወረደ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ እዩ። ከላላ ወይም ካብለጨለጨ ይንሸራተታል፤ መብራት ስታበሩ ሲጮህም ትሰማላችሁ። ቀጥሎ የባትሪ ምልክት ያለባት ቀይ መብራት፦ ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፍ ስታዞሩ ካልበራች አምፖሏን ወይም ሽቦዋን አጣሩ። በአንዳንድ የቆዩ መኪኖች ዲናሞውን የምትቀሰቅሰው እሷ ናት። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ዲናሞው ውስጥ ያለው ካርቦን አልቆ ይሆናል። ቴስተሩን ኤሲ ቮልት ላይ አድርጋችሁ ሞተሩ እየሠራ ባትሪውን ስትለኩ ግማሽ ቮልት ገደማ ካሳየ ደግሞ ዲናሞው ውስጥ ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይር ዲዮድ ተቃጥሏል።

ሞተሩ እየሠራ የባትሪ ገመድ ነቅሎ «ካልጠፋች ዲናሞው ደህና ነው» የሚል ሰው ከመጣ ኮፈኑን ዝጉበት። በዚያች ቅጽበት ቮልቱ ዘሎ ሬጉሌተሩንም ኮምፒውተሩንም ሊያቃጥል ይችላል።