የኋላው አሞርዛተር ሲያስቸግር፦ ፕሪሎድ የሚጠበቀው መቼ ነው? የሚላላውስ?

የስፖርት ሞተር ሳይክል ጀርባ ባስቸገረ ቁጥር መጀመሪያ እጅ የሚያርፍበት የሞላው ማስተካከያ ነው፤ ደረቀ ሲባል ይላላል፣ ለሰለሰ ሲባል ይጠበቃል። ልማዱ የቆመው በተሳሳተ እምነት ላይ ነው። ፕሪሎድን፣ ማለትም በአሞርዛተሩ ላይ ያለውን የማስተካከያ ቀለበት በማዞር ሞላው አስቀድሞ የሚጨመቅበትን መጠን፣ ማጥበቅ ሞላውን አያጠነክረውም። የሞላው ጥንካሬ በሽቦው ውፍረት፣ በጥምዝሙ ስፋትና ብዛት አስቀድሞ ተወስኗል፤ ቀለበቱን በማዞር የሚለወጠው ነጂው ሲቀመጥ ጀርባው በምን ከፍታ ላይ እንደሚቆም ነው። ከዚህ በታች ከተነሱት ምልክቶች አንዳንዶቹ ፕሪሎድን ጨርሶ የማይመለከቱትም ለዚህ ነው።

ሳይለኩ አይንኩት

ከሁሉ በፊት የጎማውን ንፋስ፣ ሞተሩ ሳይነዳ በቀዘቀዘበት ሰዓት፣ በመመሪያው መጽሐፍ ልክ ያድርጉ። ንፋሱ የጎደለ ጎማ የአሞርዛተር ችግር መስሎ ብዙ ሰው አሳስቷል።

ለልኬቱ ሜትር፣ አንድ ረዳትና ቁራጭ ፕላስተር ይበቃሉ። ፕላስተሩን ከኋላ ጎማ ዘንግ ቀጥታ ወደ ላይ፣ በመቀመጫው ጅራት አካባቢ ይለጥፉና ምልክት ያድርጉበት። ቀጥሎ የኋላው ጎማ መሬት እስኪለቅና አሞርዛተሩ ሙሉ በሙሉ እስኪዘረጋ ሞተሩን ያንሱ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ስህተት ይፈጠራል፦ የኋላውን ጎማ የያዘውን ክንድ ከሥር ደግፎ የሚያነሳው የጋራዥ ማቆሚያ ጎማውን ከመሬት ቢያላቅቀውም፣ የሞተሩ ክብደት አሁንም ሞላው ላይ ነው። ስለዚህ ረዳቱ ሞተሩን በጎን መቆሚያው ላይ ዘንበል አድርጎ ጀርባውን ያንሳ፤ እርስዎ ከዘንጉ መሃል እስከ ምልክቱ ይለኩ። 560 ሚሊ ሜትር ሆነ እንበል።

ሁለተኛው ልኬት ሞተሩ ማንም ሳይቀመጥበት በሁለት ጎማው ቀጥ ብሎ ሲቆም ነው። ጀርባውን ወደ ታች ተጭነው ቀስ ብለው ይልቀቁትና ይለኩ፤ ከዚያ ወደ ላይ አንስተው ቀስ ብለው ያውርዱትና ደግመው ይለኩ። የሁለቱን አማካይ ይያዙ። ከ560 የጎደለው ባዶ ዝቅታ ይባል። ሦስተኛው ልኬት ነጂው የራስ ቁርና ጃኬት ጨምሮ ሁልጊዜ የሚለብሰውን ለብሶ፣ እግሮቹን በመርገጫው ላይ አድርጎ ሲቀመጥ የሚወሰድ ነው፤ ከ560 የጎደለው የነጂ ዝቅታ ነው። በዚህኛውም ተጭኖና አንስቶ ሁለት ጊዜ መለካት አይቀርም።

የስፖርት ሞተር የኋላ ጎማ ጉዞ፣ ማለትም ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀስበት ርቀት፣ ብዙውን ጊዜ ከ120 እስከ 130 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያማሃ አር6 ለምሳሌ 120 አለው። ለመንገድ አነዳድ የነጂ ዝቅታ ከ30 እስከ 35፣ ባዶ ዝቅታ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ መነሻ ነው። ለውድድር ሜዳ የነጂው ወደ 25 እና 30 ይጠጋል።

ምልክት፦ ከመታጠፊያ ሲወጣ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ጀርባው ይቀመጣል

ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የነጂ ዝቅታ መብዛት ነው። ጀርባው ሲሰምጥ የፊቱ ይነሳል፣ የመሪው ማዕዘን ይጋደማል፣ ሞተሩም ለመታጠፍ ይሰንፋል። የምሽት ነጂ ከሆኑ የፊት መብራቱ ዛፍ ጫፍ ማብራቱን ያያሉ።

መፍትሄው ፕሪሎዱን ማጥበቅ ነው፤ ግን ቁጥሮቹን ያንብቡ። ባዶው 18፣ የነጂው 44 ሆነ እንበል። በብዙ የስፖርት ሞተሮች ላይ አሞርዛተሩ አንድ ሚሊ ሜትር ሲሄድ ጎማው ሁለት ያህል ይሄዳል። ስለዚህ ሞላውን በ5 ሚሊ ሜትር ቢያሳጥሩት ዝቅታው በ10 ያህል ይቀንሳል፤ ባዶው 8፣ የነጂው 34 ይሆናል። ሥራው አለቀ።

አሁን ደግሞ ባዶው 4፣ የነጂው 45 ነው እንበል። የነጂውን ወደ 35 ለማውረድ ሲያጠብቁ ባዶው ዜሮ ላይ ይደርሳል፤ ሞተሩ ብቻውን ሲቆም አሞርዛተሩ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ይቀራል ማለት ነው። ይህ ሞላ ለእርስዎ ክብደት ለስላሳ ነው፤ ቀለበት በማዞር አይስተካከልም፣ ጠንከር ባለ ሞላ መለወጥ አለበት። በተቃራኒው የነጂው 33 ሆኖ ባዶው 20 ከሆነ ሞላው ለእርስዎ ጠንካራ ነው። ምስጢሩ ያለው በሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ላይ ነው፦ ፕሪሎድ ሁለቱንም አብሮ ከፍና ዝቅ ያደርጋል እንጂ፣ ሞላው እስከ መጨረሻው እስካልተዘረጋ ድረስ ልዩነታቸውን አይነካም።

ምልክት፦ በኮብልስቶን ላይ ይነጥራል፤ ፍሬን ሲያዝ የኋላው ጎማ ይዘላል

ባዶ ዝቅታው ዜሮ ወይም ወደ ዜሮ የተጠጋ ከሆነ ፕሪሎዱ በዝቷል። ሞላው አስቀድሞ ስለተጨመቀ ትንንሽ እብጠቶች የሚገፉት ኃይል አያንቀሳቅሰውም፤ ምቱ በቀጥታ ወደ ወገብ ይደርሳል። ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝም አሞርዛተሩ ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ ስለሌለው ከመሬት ይላቀቃል። «ሞላው ደረቀ» የሚያሰኘው ይህ ነው። ባዶ ዝቅታው ቢያንስ 5 እስኪሆን ያላሉት። ላልቶም የነጂው ከልክ ካለፈ፣ ሞላውን ስለመለወጥ ከላይ ወደተባለው ይመለሱ።

ምልክት፦ ሰው ከኋላ ሲጫን አሞርዛተሩ ታች ይመታል

ይህ ብልሽት አይደለም። ለአንድ ሰው የተስተካከለ ሞላ ለሁለት ሰው ይሰምጣል። በደረጃ የሚስተካከሉት ለዚህ ምቹ ናቸው፤ ያማሃ አር3 ሰባት፣ ካዋሳኪ ኒንጃ 400 አምስት ደረጃ አላቸው። ተሳፋሪ ሲኖር ጥቂት ደረጃ ያጥብቁ፣ ሲወርድ ይመልሱት። መመለሱ ነው የሚረሳው።

ምልክት፦ ከፍጥነት መቀነሻ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ይወዛወዛል

ፕሪሎዱን ይተዉት። ሞላ የዋጠውን ጉልበት መልሶ ይሰጣል፤ ያንን አብርዶ የሚያስቀምጠው በአሞርዛተሩ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ሞተርዎ የመመለሻ ፍጥነት መቆጣጠሪያ ብሎን ካለው ትንሽ ያጥብቁትና ይሞክሩ። ለውጥ ከሌለ የአሞርዛተሩን ዘንግ በጨርቅ ይጥረጉ፤ ጨርቁ ዘይት ከያዘ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያግደው ማኅተም ለቋል። ብዙዎቹ አሞርዛተሮች ውስጥ በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ናይትሮጅን አለ። መብሳት፣ በእሳት ማሞቅ፣ ያለ መሣሪያው መፍታት ሰው ይጎዳል፤ ለሚያውቀው ባለሙያ ይስጡት።

ምልክት፦ ልኬቱ አንድ አይሆንም

ተጭነው ሲለቁትና አንስተው ሲያወርዱት የሚገኙት ቁጥሮች በሰፊው ከተራራቁ፣ አንድ ነገር ይዞታል። ብዙ ጊዜ አሞርዛተሩን ከክንዱ ጋር የሚያያይዙት ማገናኛዎች ኩሽኔታ ነው፤ ጭቃና በግፊት ውኃ መታጠብ ግራሳቸውን አውጥቶ ያዝጋቸዋል። ፈትቶ፣ አጽድቶ፣ ግራስ መቀባት ወይም መለወጥ ነው። እስከዚያ ድረስ የትኛውም ማስተካከያ ዋጋ የለውም።

ምልክት፦ ቀለበቱ አልዞር አለ

መፍትሄው ካቻቢቴና መዶሻ እንዳልሆነ ጥርሶቻቸው የተበሉ ቀለበቶች ይመሰክራሉ። ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈው ቁልፍ ከብዙ ሞተሮች ጋር አብሮ ይመጣል፤ ከሌለም ይገዛ። አስቀድሞ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንስቶ ክብደቱን ማቅለል፣ ጥርሱን በብሩሽና በሚያላላ ዘይት ማጽዳት ያስፈልጋል፤ አሸዋ ያለበትን የአሉሚኒየም ጥርስ በጉልበት ማዞር ይቦጭቀዋል። ሁለት ቀለበት ያለው ከሆነ መጀመሪያ የሚላላው የላይኛው መቆለፊያ ነው፤ ማስተካከያው ከታች ያለው ነው። ስንት ዙር እንደዞረ ከመቁጠር ይልቅ የሞላውን ርዝመት ከማዞር በፊትና በኋላ በሜትር መለካት ይሻላል። በመጨረሻ መቆለፊያው መልሶ ይጠበቅ።

ከፍታው ሲለወጥ አብረው የሚለወጡ አሉ። የፊት መብራቱን አቅጣጫ ያስተካክሉ፤ በጎን መቆሚያው ላይ ከመጠን በላይ አለመጋደሉን ወይም ቀጥ ብሎ ሊወድቅ አለመድረሱን ይዩ። ካቴናውን አይዝለሉት፦ የፊተኛው ጥርስ፣ የክንዱ መዞሪያና የኋላው ዘንግ በአንድ መስመር ሲውሉ ካቴናው በጣም ይወጠራል። ሞተሩ ቆሞ ላላ ያለ የሚመስለው ካቴና ሁለት ሰው ሲቀመጥ ሊወጠር ስለሚችል፣ ረዳቱ ተቀምጦበት ሳለ በጣት ገፋ አድርገው ላላነት እንዳለው ያረጋግጡ።