ሥራ አጥነትን በሁለት መስመር መሳል

የማታ ተማሪዎቼን በቁጥር ነው የማስጀምራቸው። የሠራተኛ አቅርቦት 10 ሲባዛ በቀን ክፍያ ይሁን። የአሠሪዎች ፍላጎት ደግሞ ከ1200 ላይ ያንኑ ቀንሱ። መስመሮቹ 60 ብር ላይ ይገናኛሉ፤ 600 ሰው ይቀጠራል።

አሁን ክፍያውን 80 ላይ አቁሙት። መሥራት የሚፈልገው 800፣ የሚቀጠረው 400። ሳይወድ ሥራ ያጣው ስንት ነው? 200 የሚለኝ አይጠፋም! መልሱ 400 ነው። ከሥራ የወጣው ብቻ ሳይሆን ክፍያው አጓጉቶት የመጣውም ይቆጠራል። በ80 ብር አልሠራም ያለውን ግን ተዉት፤ ምርጫው ነው።

ከዚያ ክፍያው ለምን እንደማይወርድ ጻፉ። ይሄን የዘለለ ሞዴል ለእኔ ግማሽ ነው። የኢኮኖሚስቶቹን የሻፒሮና የስቲግሊትዝን የ1984 (እ.ኤ.አ.) መልስ እመርጣለሁ፦ አሠሪው ሠራተኛው እንዳይለግም ብሎ አስቦበት ከፍ አድርጎ ይከፍላል። ደጅ የቆመው «በ70 እሠራለሁ» ቢለውም አይቀጥረውም፤ በ70 እንደሚለግም ያውቃላ።