ያልገባዎትን የሼክስፒር ንግግር እንዴት ይፈቱታል?

ሐምሌት የአባቱን ሙት መንፈስ ተከትሎ ሊሄድ ሲል ባልንጀሮቹ ጨምድደው ይይዙታል። እሱም «ሌት» የሚያደርገኝን ሰው ራሱን ሙት መንፈስ አደርገዋለሁ ብሎ ይዝታል። የዛሬውን እንግሊዝኛ የሚያውቅ አንባቢ «ሌት»ን «መፍቀድ» ብሎ ይፈታውና ግራ ይገባዋል። ልቀቁኝ የሚል ሰው የሚፈቅድለትን እገላለሁ ይላል እንዴ?

በቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን (1558–1603 እ.ኤ.አ.) የተጻፈ ቲያትር ሲያነቡ ከባዱ ቃል ብዙም አያስቸግርም፤ አለማወቅዎን ስለሚያውቁት መዝገበ ቃላት ይገልጣሉ። ጉድ የሚሠራዎት አውቀዋለሁ ብለው የሚያልፉት ቃል ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ቃላቱን ትተው መድረኩን ይዩ። ማን ለማን ይናገራል? ማን ማንን ይዟል? ማንስ ተደብቆ ይሰማል? ሐምሌት በሰው እጅ እንደተያዘ ካስተዋሉ «መፍቀድ» እዚያ ቦታ እንደማይሆን ይገባዎታል። ከዚያ ትልቁን የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ይክፈቱ፤ የየቃሉን ፍቺ ከነዘመኑ ያስቀምጣል። «ሌት» ያኔ «ማገድ» የሚል ፍቺም ነበረው። ጁልዬት በሰገነቷ ላይ የምትለው «ዌርፎር»ም እንዲሁ ያሳስታል፤ «የት ነህ» ሳይሆን «ስለ ምን ሮሚዮ ሆንክ» ነው የምትለው።

ቀጥሎ ግሡን ይፈልጉ። ገጣሚው ለምቱ ሲል ቃላቱን ከቦታቸው ያዘዋውራል። ንግሥት ገርትሩድ ልጇን ስትቆጣ «አባትህን» የሚለውን ከ«አስቀይመሃል» በፊት ታመጣዋለች፤ ለእንግሊዝ እንግዳ ቢሆንም ለእኛ የቤታችን ሰዋስው ነው።

እዚሁ ላይ ትንሽ ይቆዩ። እናት ልጇን «ዛው» ትለዋለች፣ አንተ እንደማለት፦ «ሐምሌት፣ አባትህን ክፉኛ አስቀይመሃል።» እሱ በ«ዩ» ይመልሳል፦ «እናቴ፣ እርስዎ አባቴን ክፉኛ አስቀይመዋል።» የእሷ «አባትህ» የእንጀራ አባቱ ክላውዲየስ ነው፤ የእሱ «አባቴ» የሞተው ንጉሥ። ወዲያው እሷም «ዛው»ን ትታ ወደ «ዩ» ትዞራለች። የዛሬው እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት ስለጣለው የለንደን ተማሪ ከግርጌ ማስታወሻ ነው የሚማረው። የተቆጣች እናት ልጇን «አንቱ» ስትለው የሰማ ሰው ግን ማስታወሻ አያሻውም።

አሁን ንግግሩን በራስዎ አማርኛ ይጻፉት። እጅዎ የሚቆምበት ቦታ ቋጠሮው እዚያ ነው። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ሐምሌት የሚያነጻጽሩት ከዚህ በኋላ ቢሆን ይሻላል፤ ተርጓሚ ከብዙ ፍቺ አንዱን መርጦ ነው የሚያልፈው፣ ምርጫውም ቀድሞ ዓይንዎን ይመራዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም እምቢ ካለ ማተሚያ ቤቱን ይጠርጥሩ። የሼክስፒር ቲያትሮች ተሰብስበው በ1623 በወጡበት ጥራዝ፣ «ሄንሪ አምስተኛ» ላይ፣ ፎልስታፍ የተባለውን ሽማግሌ አሟሟት የምትተርከው ሴት አፍንጫው እንደ ብዕር ሾሎ ነበር ካለች በኋላ ስለ «አረንጓዴ መስክ ጠረጴዛ» ታወራለች። የሼክስፒር አርታኢ ሌዊስ ቲዮባልድ በ1733 ባወጣው ዕትም «ቴብል»ን (ጠረጴዛን) «ባብልድ» (ለፈለፈ) ብሎ አረመው። ከፊቱ ያለችው «ኤ» በተራው ሰው አነጋገር «እሱ» ማለት ስለነበረች ዓረፍተ ነገሩ «ስለ አረንጓዴ መስክ ይለፈልፍ ነበር» ሆነ። ሊሞት የተቃረበ ሽማግሌ እንዲህ ቢል ያሳምናል። በ1600 የታተመው የዚሁ ቲያትር ቅጂ ደግሞ፣ የ1623ቱ ጥራዝ «በአበባ ሲጫወት» በሚለው ቦታ «ስለ አበባ ሲያወራ» ይላል፤ ስለዚህ ሁለቱን ዕትሞች ጎን ለጎን ማየት ይጠቅማል። ዛሬ አብዛኛው ዕትም የቲዮባልድን እርማት ይከተላል። «ቴብል» እንዳለ ይቆይ የሚሉ ሊቃውንት ግን አልጠፉም፤ ቃሉ ያኔ ሥዕልም ማለት ነበርና።