የፊድለር ሸርጣን መቆንጠጫ ሲወድቅ ምን ይደረጋል?

በባሕር ዳርም ሆነ በደብረ ማርቆስ ፊድለር ሸርጣን (ወንዱ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ መቆንጠጫ ያለው ትንሽ ሸርጣን) በቤቱ የሚያሳድግ ሰው፣ አንድ ማለዳ የወንዱ ትልቅ መቆንጠጫ ብቻውን አሸዋው ላይ ወድቆ ቢያገኝ እንስሳው ሊሞት ነው ብሎ መደናገጥ የለበትም። ሸርጣን ሲጣላ ወይም ሲያዝ እጁን ራሱ ይጥላል፤ የሚለየውም ከሥሩ አጠገብ፣ ለዚሁ በተፈጠረ መስመር ላይ ሲሆን፣ በዚያ ያለው ስስ ሽፋን ስለሚዘጋ የሚፈሰው ደም ጥቂት ነው። ቅባትም ሆነ ማሰሪያ አያስፈልገውም። እጁ ተሰብሮ ቢንጠለጠል እንኳ አይጎተትም።

መመርመር ያለበት ውኃው ነው። ይህ ሸርጣን የወንዝና የባሕር ውኃ ከሚቀላቀልበት ጭቃማ ዳርቻ የመጣ በመሆኑ፣ ጨው አልባው የጣና ውኃ ለጊዜው ቢያቆየውም እያደር ያዳክመዋል። በ1 ሊትር ውኃ ከ7 እስከ 14 ግራም፣ ለዓሣ ማርቢያ ገንዳ የሚሸጥ የባሕር ጨው ይሟሟል። አሞሌም ሆነ የወጥ ጨው፣ ምንም እንኳ በየቤቱ የማይጠፋ ቢሆን፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም በበቂ መጠን ስለማይሰጥ ምትክ አይሆንም። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ መወገድ አለበት፤ መዳብ ያለበት መድኃኒትም መርዝ ነው። የጎጃም ደጋ ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ፣ ገንዳው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲቆይ ማሞቂያ ይደረግለታል።

ከቆይታ በኋላ በወደቀው እጅ ሥር ትንሽ እንቡጥ ይወጣል። አዲሱ መቆንጠጫ በዚህ ከረጢት ውስጥ ተጣጥፎ ያድጋል፤ የሚዘረጋውም ሸርጣኑ ቅርፊቱን ሲቀይር ብቻ ነው። ምግብ መቀነሱና መደበቁ ጊዜው መቅረቡን ሊያመለክት ስለሚችል፣ በእነዚያ ቀናት አይነካም፣ ጉድጓዱም አይቆፈርም። የተጣለውን ቅርፊት ሞቶ የተገኘ ሸርጣን መስሎት አውጥቶ የሚጥል ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን እንስሳው ካልሲየሙን ለመመለስ ስለሚበላው እዚያው መቆየት አለበት። ታጥቦ የደረቀና በሙቀጫ የደቀቀ የእንቁላል ቅርፊት፣ እንዲሁም ጨው ያልነካው ጥቂት የቆሮሶ ዓሣ ሥጋ ይጨመርለታል፤ የተረፈው ግን በማግስቱ ይነሣል።

ትልቁ መቆንጠጫ የሚመለሰው በዚያው በወደቀበት ጎን ነው እንጂ፣ ትንሹ ተለውጦ ትልቅ አይሆንም። መጀመሪያ አነስ ብሎ ይወጣና በተከታታይ የቅርፊት ለውጦች ይረዝማል፤ በርዝመት ከቀድሞው ጋር ቢተካከልም ብዙውን ጊዜ ቀለል ያለና ለጠብ ደካማ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ሁለት ወንዶች በጠባብ ገንዳ ይኖሩ ከነበረ፣ የተጎዳውን ቅርፊት ቀይሮ እስኪጠነክር ድረስ ብቻ ለይቶ ማቆየት በቂ አይደለም፤ ሰፊ ቦታ ካልተገኘ እስከ መጨረሻው ይለያያሉ።