አሮጌ ላንድክሩዘር ላይ ስድስት ሲሊንደር መጫን፦ ከመበየዳችሁ በፊት

ዳገት ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገብታችሁ፣ ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጣችሁ፣ ከኋላችሁ የመኪና ሰልፍ እየጎተታችሁ የኖራችሁ ሰዎች ትልቅ ሞተር ለምን እንደሚያምራችሁ አታስረዱኝ። ገብቶኛል። እኔም የዚያ ሰልፍ መሪ ነበርኩ።

ግን መጀመሪያ አንድ ነገር አረጋግጡ። አሮጌው ሞተር ትንሽ ስለሆነ ነው ያቃተው ወይስ ስለታመመ? ኮምፕሬሽኑን አስለኩ። ኢንጀክተሮቹን አስፈትሹ፣ የቫልቮቹን ክፍተት አስተካክሉ፣ የአየር ፊልትሮውን አውጥታችሁ እዩት። ጎማውን በትልቅ ቀይራችሁ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የሞተሩ ሳይሆን የእናንተ ነው፤ ጎማው ሲያድግ ማርሹ ሁሉ ይረዝማል፣ ያኔ የዲፍረንሻሉን (አክስሉ መሃል ሆኖ ጉልበቱን ለጎማዎቹ የሚያካፍለው ጥርሳም ሳጥን) ሬሾ መቀየር ሞተር ከመቀየር በብዙ ይቀላል። ይሄ ሁሉ ተደርጎ መኪናው አሁንም ዳገት ላይ የሚያለቅስ ከሆነ እንቀጥል።

ሞተር ስትመርጡ ከጉልበቱ በፊት ዘሩን እዩ። ፋብሪካው ራሱ በዚያው ሻሲ ላይ የገጠመው ትልቅ ሞተር ካለ ሌላ አትፈልጉ። እኔ የማወራው ስለማውቀው መኪና ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ስለወጣው ባለ70 ላንድክሩዘር። ረጅሙ ቢጄ75 የሚመጣው 3ቢ በሚባለው ባለ3.4 ሊትር አራት ሲሊንደር ናፍጣ ነው። ወንድሙ ኤችጄ75 በዚያው ዘመን ባለ4 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ነበረው፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ደግሞ 1ኤችዜድ መጣ። 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው፣ ወደ 130 የፈረስ ጉልበት። ለቢጄ75 ባለቤት ከዚህ የተሻለ ሞተር የለም ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም የሞተሩ መቀመጫ፣ ራዲያተሩ፣ የጭስ ቱቦው ሁሉ ለዚያ አፍንጫ ተብሎ የተሠራ ዕቃ አለው።

ቤንዚን ቪ8 የሚያምራችሁም እንዳላችሁ አውቃለሁ። ድምፁ እኔንም ያምረኛል። ግን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያገናኝ ልዩ ፕሌት ማስቆረጥ፣ የነዳጁን መስመር ከታንከሩ ጀምሮ መቀየር፣ ሽቦውን ሁሉ እንደ አዲስ መዘርጋት አለ። ለመጀመሪያ ሥራ አይሆንም።

1ኤችዜድ ላይ ቱርቦ ለመጨመር የምትቋምጡም ቆም በሉ። ይህ ሞተር ናፍጣውን ማቃጠል የሚጀምረው ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ውስጥ ባለች ትንሽ ክፍል ነው፣ ቱርቦ ተጨምሮ ነዳጁ ሲከፈትበት ሙቀቱ እዚያው ይከማቻል፣ የጭስ ሙቀት መለኪያ ሳትገጥሙ ጉልበት ከጠየቃችሁት ቴስታታ ትሰነጥቃላችሁ ወይም ፒስተን ታቀልጣላችሁ። ቱርቦ የግድ ከሆነ ከፋብሪካ ይዞት የወጣው 1ኤችዲ-ቲ አለ። እሱንም ስትገዙ የቢየላ ብሮንዚኖቹን (ፒስተኑን ከሞተሩ ዋና ዘንግ ጋር የሚያያይዘው ክንድ የሚዞርባቸውን ስስ ብረቶች) ሳታዩ እንዳትገጥሙት፤ የሚታወቅ ደካማ ጎኑ ነው።

ሞተሩን ብቻውን መሬት ላይ ተቀምጦ አትግዙት። ከተቻለ አካሉ ተጋጭቶ ሞተሩ ደህና የሆነ ሙሉ መኪና ግዙ። ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ አስነስታችሁ ስሙት፣ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍታችሁ ምን ያህል እንደሚተነፍስ እዩ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ወይም ዘይት ፈልጉ። ከሁሉም በላይ ግን ሙሉ መኪና ስትገዙ ትንንሾቹ ዕቃዎች አብረው ይመጣሉ። ሰው ሞተር አገኘሁ ብሎ ይጨፍራል፣ ከዚያ የዲናሞ መያዣ ብረት፣ የነዳጅ ፔዳል ገመድ፣ የራዲያተር ጎሚኒ ሲፈልግ ወር ይፈጅበታል። እያንዳንዱን ሶኬት ከመንቀላችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ፕላስተር ለጥፋችሁ ጻፉበት። አስታውሰዋለሁ የምትሉትን ነገር አታስታውሱትም።

ሞተሩ ውጭ ሳለ ሊቀየር የሚችለውን ቀይሩ። 1ኤችዜድ የታይሚንግ ቤልት አለው፤ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል፣ ታሪኩን የማታውቁት ከሆነ ደግሞ ዛሬ ይቀየራል። የኮሎውን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) የኋላ ዘይት መከላከያ፣ የውሃ ፓምፑን፣ ካንዴላዎቹን (ሞተሩን ለማስነሳት የሚያሞቁትን)፣ የመቀመጫ ጎሚኒዎቹን አብራችሁ። ኮፈን ስር ከገባ በኋላ እነዚህን መቀየር መሰቃየት ነው።

አሮጌውን ማውጣት ብዙ አያስወራም። ባትሪ ንቀሉ፣ ውሃና ዘይት አፍስሱ፣ የኮፈኑ ማጠፊያ የነበረበትን ቦታ በማርከር አስምሩና ኮፈኑን አውርዱ፣ ሞተሩን በፓራንኮ (በሰንሰለት ማንሻ) አንሱት። ሞተር በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሳለ ከስሩ ማንም እንዳይገባ፣ «አንድ ብሎን ብቻ» የሚባል ምክንያትም አይሠራም። ካምቢዮውንና ሪዶታውን (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ አክስል የሚያከፋፍለውን) ግን ባሉበት ተዉአቸው። እነሱ ካልተነቃነቁ የፊቱም የኋላውም ትራስሚሲዮን (ወደ አክስሉ የሚሄደው ዘንግ) ርዝመቱና ማዕዘኑ እንዳለ ይቆያል፤ አዲሱ ሞተር ከካምቢዮው ተነስቶ ወደፊት የደረሰበት ይድረስ።

ካምቢዮው ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ነውና። ኤች55ኤፍ የሚባለው አምስት ማርሽ ካምቢዮ ከ3ቢም ከ1ኤችዜድም ጋር ከፋብሪካ ወጥቷል፤ የሚለያየው ከፊቱ ያለው ደወል መሳይ ቤት ነው። ስለዚህ ቤቱን፣ ቮላኖውን (ሞተሩ ጀርባ ያለውን ከባድ ክብ ብረት)፣ ሙሉ ፍሪሲዮኑንና የፍሪሲዮን መግፊያውን ከዚያው ከተጋጨው መኪና ውሰዱ፣ ከሁለቱ አታደባልቁ። ከዚያ ኮሎው ጫፍ ላይ የምትገባውን ትንሽ ኩሽኔታ (የካምቢዮው ዘንግ የሚዞርባትን ቀለበት) ገና ሞተሩ ሳይገባ በካምቢዮው ዘንግ ጫፍ ላይ ሰክታችሁ ሞክሯት። ያለ ጉልበት መግባት፣ ሳትንገዋለልም መዞር አለባት። የፍሪሲዮኑን ሸራም በዘንጉ ጥርሶች ላይ ወዲያ ወዲህ አንሸራትቱት። አምስት ደቂቃ የማትፈጅ ሙከራ ናት፤ ካለፈቻችሁ ግን ፍሪሲዮን እየረገጣችሁ ማርሽ የሚያንቋርር መኪና ይኖራችኋል፣ ሞተሩም እንደገና ይወርዳል።

ሞተሩን ስታስገቡ በእጅ እያወዛወዛችሁ ከካምቢዮው ጋር ፊት ለፊት መግጠም አለበት። ሁለት ሴንቲ ሜትር ቀርቶት እምቢ ካለ ብሎን አስገብታችሁ አታስጠጉት። ያልተስተካከለ ነገር አለ፣ በብሎን ስትስቡት የሚሰበረው ሸራው ወይም ቤቱ ነው። አውጡ፣ ሸራውን መሃል አድርጉ፣ ድገሙ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ኮፓው፣ ከሞተሩ ስር ዘይት ወደሚያጠራቅመው ሳጥን። ጠንካራ የፊት አክስል ያለው መኪና ላይ ዲፍረንሻሉ ከኮፓው ስር ወደላይ ወደታች ይዘላል። የመጀመሪያ ሥራዬ ሌላ መኪና ላይ ነበር፣ ፋብሪካው ያላሰበው ሞተር። መኪናውን ከሻሲው አንስቼ በብረት ማቆሚያ ላይ አስቀመጥኩት፣ አክስሉ ተንጠልጥሏል፣ ኮፓውና ዲፍረንሻሉ መሃል እጄ እንደልቡ ይገባል። ደስ ብሎኝ በየድኩ። መኪናው መሬት ሲወርድ ክፍተቱ በግማሽ ቀነሰ፣ እኔም «ያው ክፍተት ነው» አልኩ። በሦስተኛው ቀን አንድ ቦይ በፍጥነት ተሻገርኩ፤ ከስር ዷ የሚል ድምፅ መጣ፣ ትንሽ ሳልርቅ የዘይት መብራት በራ። ወርጄ ሳይ መንገዱ ላይ ጥቁር መስመር ከኋላዬ ተከትሎኛል። ኮፓው በዲፍረንሻሉ ቅርጽ ገብቷል፣ የተሰነጠቀውም እዚያው ነው።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይሄ ነው። ሊጥ አቦካለሁ። አዎ፣ የዱቄት ሊጥ፣ ጠንከር ያለ። እንደ ቡጢ አድርጌ ዲፍረንሻሉ አናት ላይ፣ የፊት ትራስሚሲዮኑ በሚያልፍበት በኩል፣ ለኮፓው ቅርብ በሆነው ቦታ ሁሉ እለጥፋለሁ። ከዚያ የፊት ባሌስትራውን ፈትቼ አክስሉን በክሪክ ከሻሲው የጎሚኒ ማገጃ ጋር እስኪጋጭ ወደላይ አነሳዋለሁ፤ መጀመሪያ ሁለቱንም ጎን እኩል፣ ቀጥሎ አንዱን ጎን ብቻ፣ ምክንያቱም መንገድ ላይ አክስሉ የሚነሳው ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ነው። አውርጄ የተጨፈለቀውን ሊጥ በቢላ ቆርጬ ውፍረቱን እለካለሁ። ሁለት ጣት ካልሞላ አልበይድም። ካልሞላ ሆዱ በሌላ በኩል ያለ ኮፓ መፈለግ ወይም ሞተሩን በትንሹ ከፍ ማድረግ ነው፤ ሞተሩን ከፍ ካደረጋችሁት ደግሞ የካምቢዮውን ማዕዘን እንደገና ለኩ።

ለጎንም እንዲሁ ቦታ ተዉ። ናፍጣ ሞተር ሲነሳና ሲጠፋ መቀመጫው ላይ ይወዛወዛል፤ ከመሪው ሳጥን፣ ከጭስ ቱቦውና ከጋቢናው ግድግዳ ጋር የሚነካካ ነገር እንዳይኖር። ቬንትሌተሩ ከራዲያተሩ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ግማሽ ያህሉም የቬንትሌተሩ ሽፋን ውስጥ ይግባ። ሽፋኑን «አልገባ አለኝ» ብለው የሚጥሉት ሰዎች ናቸው በኋላ ሙቀት አስቸገረን የሚሉት። ራዲያተሩም የትልቁ ሞተር ይሁን።

መቀመጫዎቹን መጀመሪያ በነጥብ ብቻ ያዟቸው። ሊጡን ድገሙ፣ ኮፈኑን ዝጉ፣ ሁሉም ልክ ሲሆን ሞተሩን አውጥታችሁ ሙሉውን በይዱ። ብየዳ ሲኖር ባትሪውና ዲናሞው ይነቀሉ።

መብራቱ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳታቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ እነዚህ መኪኖች 12 ቮልትም 24 ቮልትም ሆነው ወጥተዋል። የ12 ቮልት ካንዴላ ላይ 24 ቮልት ከላካችሁ ወዲያው ያቃጥለዋል፣ ሞተሪኖውም (ማስነሻው) ዲናሞውም ከመኪናው ጋር መመሳሰል አለባቸው። ሁለተኛ፣ 1ኤችዜድ የናፍጣ ፓምፑ ላይ ነዳጅ የምትዘጋና የምትከፍት ሶሌኖይድ አለችው። ቁልፍ ሲከፈት መብራት ካልደረሳት ሞተሩ ይሽከረከራል እንጂ አይነሳም። ሙሉ ቀን አየር ሲያስወጡ ውለው ጥፋቱ አንዲት ሽቦ የሆነባቸውን አይቻለሁ።

ፍሬኑንም እንዳትረሱ። ናፍጣ ሞተር ለሰርቮው (የፍሬን ፔዳሉን ለሚያቀልለው) የሚሆን መምጠጫ በራሱ ስለሌለው ፓምፕ አለው። የዘይት መስመሩንና ወደ ሰርቮው የሚሄደውን ቱቦ አጣሩ፤ አለበለዚያ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይሆናል። የናፍጣ መመለሻው ቱቦም ወደ ታንከሩ ይድረስ።

ሲነሳ ቸኩላችሁ አታስነሱት። የሶሌኖይዷን ሽቦ ንቀሉና የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አሽከርክሩት፣ በመሃል ሞተሪኖውን እያሳረፋችሁ። ከዚያ ናፍጣውን በእጅ ፓምፕ ሙሉ፣ ሽቦውን መልሱ፣ አስነሱ። የራዲያተሩ ክዳን ተከፍቶ አየሩ ይውጣ፤ ማሞቂያውን ክፈቱት፣ አየር የሚደበቀው እዚያ ነው።

ስድስት ሲሊንደሩ ከአራቱ ይከብዳል፣ ስለዚህ የፊት ባሌስትራው ሊጎብጥ ይችላል። ጉልበት ከጨመራችሁ የፍሬን ሸራና ታምቡር ላይም ገንዘብ ይውጣ። የሞተሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ስለማይገጥም ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ፈቃድ የሚሰጠውን ክፍልና ኢንሹራንሳችሁን ጠይቁ፣ የግዢ ወረቀቱንም አትጣሉ።

የመጀመሪያውን 500 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ስሩ ግቡ። የመቀመጫ ብሎኖቹን አጥብቁ፣ ብየዳውን በባትሪ መብራት እያያችሁ ስንጥቅ ፈልጉ፣ አዲሱ ጎሚኒ ሲለምድ ሞተሩ ትንሽ ዝቅ ስለሚል ሊጡን አንድ ጊዜ ድገሙት።